አልፈታ ያለ የዘይት ፊልትሮ፦ ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት

ዘይት መቀየር ቀላል ሥራ ነው፤ ፊልትሮው እስካልገገመ ድረስ። መኪናው ቆሟል፣ ኮፈኑ ተከፍቷል፣ አዲሱ ዘይት አጠገባችሁ ነው። ፊልትሮው ግን ወይ ፍንክች! እጅ ያሟልጫል። ጨርቅ ሲጠመጠምበት ጨርቁ ብቻ ይዞራል። ይሄኔ ከጀርባ የቆመ አንድ ሰው «ካቻቪቴ ሰካበትና አዙረው» ማለቱ አይቀርም።

አትቸኩሉ። ካቻቪቴውም ጊዜ አለው፤ ግን የመጨረሻው ነው። ፊልትሮው አንዴ ከተወጋ መኪናው አዲስ እስኪገጠምለት ከቆመበት አይነሳም። ከዚያ በፊት የሚሞከር ብዙ ነገር አለ፤ አብዛኛው ፊልትሮም እዚያው ላይ እጁን ይሰጣል።

እዚህ የምናወራው የቆርቆሮ ጣሳ መስሎ ሞተሩ ላይ በክር ስለሚታሰረው ፊልትሮ ነው። ዲኤክስ፣ የድሮዎቹ ኮሮላዎች፣ ላዳ፣ የመጀመሪያዎቹ ቪትዞች የሚጠቀሙት ይህንን ነው። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ ያለው፣ ክዳኑ ተከፍቶ ውስጡ ያለው ወረቀት ብቻ የሚቀየረው ዓይነት ሌላ አያያዝ ይፈልጋል። የድሮዋ ቮልስ ያላችሁ ደግሞ ከዚህ ጣጣ ነፃ ናችሁ፤ የእናንተ ሞተር ታጥቦ የሚመለስ ወንፊት እንጂ እንዲህ ያለ ፊልትሮ የለውም።

አሮጌ መኪና ደግሞ ገና አብሮን ይቆያል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ያለችውን መኪና በወጉ መያዝ ነው።

ለምን ይጣበቃል?

ፊልትሮውን የሚያስቸግረው ክሩ ይመስለናል። ክሩ ግን ወደ ሞተሩ ያስጠጋዋል እንጂ ሙጭጭ አድርጎ የሚይዘው አፉ ላይ ያለው ጥቁር የላስቲክ ቀለበት ነው፤ ጎሚኒው። ይህ ጎሚኒ ሲገጠም ዘይት ካልተቀባ ደርቆ ይነክሳል። መቀየሪያው ካለፈበት በሙቀት ብዛት ይደርቅና ከሞተሩ ፊት ጋር የተጣበቀ ያህል ይሆናል። ዋናው ጥፋት ግን ብዙ ጊዜ የሰው ነው። ያለፈው ጊዜ የገጠመው ባለሙያ «እንዳያፈስ» ብሎ በመፍቻ አጥብቆታል። ፊልትሮ በእጅ ነው የሚጠብቀው። በመፍቻ የጠበቀ ፊልትሮ በመፍቻም ላይፈታ ይችላል።

ከዚህ አንድ ነገር እንያዝ። የያዘው ጎሚኒው ከሆነ፣ ጉልበታችን ማረፍ ያለበት ጎሚኒው አጠገብ፣ ማለትም ሞተሩን በሚነካው የፊልትሮው ሥር ነው። ጣሳው ቀጭን ቆርቆሮ ነው። ጫፉን ጨምቃችሁ ብታዞሩት ይጨማደዳል እንጂ አይፈታም። ሥሩ ግን ወፍራም ብረት አለው። አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው ጉልበት አንሶት አይደለም፤ የሚይዝበትን ቦታ ስቶ ነው።

1. አዲሱን ፊልትሮ በእጃችሁ ያዙ

አሮጌውን ከመንካታችሁ በፊት አዲሱ መገዛት አለበት። እሁድ ከሰዓት ፊልትሮ ቀዶ ሱቅ ፍለጋ መዞር አያድርስ ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራ ከሄዳችሁ የመኪናውን ስምና ዓመት ብቻ ሳይሆን የሞተሩን ዓይነት ንገሩ። አንድ ኮሮላ ከሌላው ኮሮላ የተለየ ሞተር ሊኖረው ይችላል። አሮጌው ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚነበብ ከሆነ በስልክ ፎቶ አንሱት።

2. መኪናውን አስተማምናችሁ አቁሙ

ሜዳ ቦታ፣ የእጅ ፍሬን የተያዘ፣ ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ የተደገፈ። ከሥር መግባት ካለባችሁ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አትግቡ። ብሎኬትም መደገፊያ አይደለም። ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሳያስጠነቅቅ ድንገት ይፈረካከሳል። ፊልትሮ ሲፈታ ደግሞ መኪናውን እየጎተታችሁና እየገፋችሁ ነው። የብረት መደገፊያ ከሌላችሁ ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ብትለምኑ ይሻላል።

ከፊልትሮው ሥር ዘይት መቀበያ አኑሩ። ከጎኑ የተቆረጠ ባለ አምስት ሊትር የምግብ ዘይት ጀሪካን ለዚህ ሥራ የሚያህለው የለም። አፉ ሰፊ ነው፣ ዝቅ ስለሚል ከሥር ይገባል፣ መያዣም አለው።

3. ሞተሩን ለብ አድርጉት

ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ አስነሥታችሁ አጥፉት። ሙቀቱ ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ ጎሚኒውንም ትንሽ ያላላዋል። ከዚህ በላይ አታሙቁት። ፊልትሮው በአንዳንድ ሞተር ላይ ከጭስ ማውጫው ብረት አጠገብ ነው፤ ያ ብረት ቶሎ ይግላል፣ ቶሎም አይበርድም። እጅጌ ያለው ልብስና ጓንት አድርጉ። ክንድ ላይ የሚቀረው ጠባሳ ሁሌም እዚች ቦታ ላይ የተገኘ ነው።

4. ዘይቱን ከማፍሰሳችሁ በፊት ፊልትሮውን ሞክሩ

ይህቺን ብዙ ሰው አይነግራችሁም። ልማዱ መጀመሪያ ዘይቱን ማፍሰስ ነው። ፊልትሮው እንደሚያስቸግር ከጠረጠራችሁ ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ዘይቱ ሳይፈስ ፊልትሮውን ሩብ ዙር ያህል ለማላቀቅ ሞክሩ። ከተላቀቀ መልሳችሁ በእጅ ጠበቅ አድርጉና ዘይቱን በሰላም አፍስሱ። እምቢ ካለ ደግሞ ሞተሩ ዘይት አለው፤ ነድታችሁ ባለሙያ ጋ መሄድ ትችላላችሁ። ዘይቱ ፈሶ ፊልትሮው እምቢ ካለ በኋላ ግን አማራጭ የላችሁም፤ ወይ መፍታት ወይ መጎተት።

5. የሚዞርበትን አቅጣጫ አረጋግጡ

የሚያሳፍር ቢመስልም ብዙ ፊልትሮ «አልፈታ» የሚለው እየጠበቀ ስለሆነ ነው። ከሥር ተኝታችሁ፣ ወይም ከላይ አጎንብሳችሁ በእጅ ዳሰሳ ስትሠሩ ግራና ቀኝ ይምታታል። ሕጉ አንድ ነው። የፊልትሮውን ድፍን ቂጥ ፊት ለፊት እያያችሁት ነው ብላችሁ አስቡ፤ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ሲዞር ይፈታል። ካልታያችሁ አዲሱን ፊልትሮ በዚያው አቀማመጥ፣ አፉን ወደ ሞተሩ አዙራችሁ ያዙትና እንደምትፈቱ ሁሉ አሽከርክሩት። በማርከር ቂጡ ላይ ቀስት ብትስሉበት ደግሞ የበለጠ ነው።

6. በእጅ

ፊልትሮውን በጨርቅና በትንሽ ናፍጣ ሙልጭ አድርጋችሁ ጥረጉና አድርቁት። ሞተሩ ስለሞቀ ቤንዚን እዚህ አይነካም። ከዚያ ሸካራ የብርጭቆ ወረቀት፣ ሻካራው ፊት ወደ ፊልትሮው ሆኖ ጠቅልሉበት። በሁለት እጅ ያዙ፣ ክንዳችሁን ከሰውነታችሁ አስጠግታችሁ በትከሻ አዙሩ። የጣት ጉልበት እዚህ ዋጋ የለውም። እቃ ማጠቢያው የላስቲክ ጓንትም ጥሩ ይይዛል፤ ሞተሩ ግሎ ከሆነ ግን ይቀልጣል።

በእጅ የጠበቀ ፊልትሮ እዚህ ላይ ይፈታል። ካልተፈታ በመፍቻ የጠበቀ ነው ማለት ነው፤ ቀጥሉ።

7. በፊልትሮ መፍቻ

ሦስት ዓይነቱ ገበያ ላይ ይገኛል። አንደኛው እንደ ቆብ ቂጡ ላይ የሚጠልቀው ነው። ልኩ ከገጠመ ምርጥ ነው፤ ጠባብ ቦታ ይገባል፣ ጣሳውንም አያበላሽም። የብዙ ትናንሽ ቶዮታዎች ፊልትሮ 65 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ መፍቻው በቀላሉ ይገኛል። ግን ልኩ በትንሹም ቢሰፋ ጠርዙን እየላገ ይሽከረከራልና ተዉት።

ሁለተኛው በቀበቶ ወይም በሰንሰለት የሚያንቀው ነው። ለገገመ ፊልትሮ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። የብረት ቀበቶ ያለው የሚያንቀው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ከተንሸራተተ መሣሪያውን አትስደቡ፤ ገልብጣችሁ አግቡት። ሁለተኛ፣ ቀበቶው በተቻለ መጠን ወደ ሥሩ፣ ሞተሩን ሊነካ እስኪል ይጠጋ። አሁንም ከተንሸራተተ በቀበቶውና በጣሳው መካከል ቁራጭ የብርጭቆ ወረቀት አግቡበት። የልዩነቱን መጠን ታዩታላችሁ።

ሦስተኛው ባለ ሦስት እግሩ ነው፤ ባዞራችሁት ቁጥር እግሮቹ እየጠበቁ ይሄዳሉ። የፊልትሮው ዙሪያ ክፍት ከሆነ ይሠራል፤ ጣሳው ከመያዝ ይልቅ መሰርጎድ ከጀመረ ግን ተዉት።

መፍቻ የሌላችሁ ሰዎች፣ ያረጀ ቺንጊያ ወይም የቆዳ ቀበቶ ይበቃችኋል። ፊልትሮው ሥር ሁለቴ ጠምጥሙት። ሁለቱን ጫፎች ጠንካራ ዘንግ ላይ አስራችሁ እስኪወጠር ጠምዝዙ። ከዚያ ዘንጉን ፊልትሮው ወደሚፈታበት አቅጣጫ ግፉ። ቀበቶው ሲወጠር ፊልትሮውን ወደሚፈታበት አቅጣጫ እንዲጎትት ሆኖ መጠምጠሙን ቀድማችሁ አረጋግጡ። የቧንቧ ሠራተኛ ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ትልቁ ጂራቱቦ አፉ ሰፊ ነው፤ ቦታው ከበቃ ሥሩን አንቆ ይይዛል።

በየትኛውም መሣሪያ ቢሆን አትንጠቁ። ግፊቱን ቀስ በቀስ ጨምሩና ያዙት። የጠበቀ ጎሚኒ ብዙ ጊዜ በዝግታ ነው የሚለቀው። ሲለቅ ትንሽ «ጭር» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ከዚያ በኋላ በእጅ ይዞራል።

8. ትንሽ እረፍት ስጡት

አሁንም እምቢ ካለ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት፣ ደብሊው ዲ 40ም ይሁን ሌላ፣ ፊልትሮው ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ዙሪያ ንፉበት። ሃያ ደቂቃ ተዉት፤ ቡና ይፈላል። ከዚያ የፊልትሮውን ሥር ዙሪያውን በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ አድርጉት። ተአምር አትጠብቁ። ዘይቱ ጎሚኒው ውስጥ ድረስ አይገባም። ዳር ዳሩን የያዘውን ቆሻሻና ዝገት ግን ያላላል፤ አንዳንዴም ያ ይበቃል። ጣሳውን ጠርጋችሁ አድርቃችሁ ወደ መፍቻው ተመለሱ።

9. አሁን ካቻቪቴው

እዚህ ከደረሳችሁ ውሳኔ አለ። አዲሱ ፊልትሮ በእጃችሁ ካልሆነ፣ ወይም ሊመሽ ከሆነ፣ አቁሙ። መኪናው አሁንም ይሄዳል። ዘይቱን አፍስሳችሁት ከነበረም ብሎኑን መልሳችሁ፣ ዘይት ሞልታችሁ ጋራዥ ውሰዱት።

ለመቀጠል ከወሰናችሁ ጊዜው ዘይቱን ሙሉ በሙሉ የማፍሰሻ ነው። ረጅም፣ ጠንካራ፣ ጠፍጣፋ አፍ ያለው ካቻቪቴ ምረጡ። ከሞተሩ ፊት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ራቁ። ከዚያ ከቀረባችሁ መሃል ላይ ፊልትሮው የሚታሰርበትን ባለ ክር ቱቦ ትመቱታላችሁ፤ እሱ ከተጎዳ ጣጣው ሌላ ነው። በጣም ከራቃችሁ ደግሞ ጣሳው እንደ ወረቀት ይቀደዳል። ካቻቪቴው በወዲያ በኩል ሲወጣ የሚያርፍበትን እዩ፤ ሽቦ፣ የራዲያተር ጎማ፣ ዲናሞ እንዳይነካ። መነጽር አድርጉ። በአንዱ ጎን አስገብታችሁ በሌላው እስኪወጣ ምቱት። ዘይት ይወርዳል፤ ጀሪካኑ ቦታው ላይ ይሁን።

አሁን በዝግታ አዙሩ። ዓይናችሁ ቀዳዳው ላይ ይሁን። ፊልትሮው ከዞረ እሰየው። ፊልትሮው ቆሞ ቀዳዳው ብቻ እየሰፋ ከሄደ ወዲያው አቁሙ፤ ካቻቪቴውን አውጥታችሁ በሌላ በኩል፣ ያልተጎዳ ቆርቆሮ ላይ ድገሙት። አንድ ቀዳዳ ላይ መጨከን ነው ጣሳውን ሁለት ቦታ የሚያደርገው።

10. ጣሳው ተቀዶ ሥሩ ከቀረ

ይህ ያስደነግጣል እንጂ መጨረሻ አይደለም። እንዲያውም አንዳንዴ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ይቀላል፤ ሁሉ ነገር ፊት ለፊት ይታያል። የተቀደደውን ጣሳ በቆርቆሮ መቀስ ቆርጣችሁ አንሱ። ወረቀቱንና ሞላውን አውጡ። የተቆረጠ ቆርቆሮ እንደ ምላጭ ነው፤ ጓንት አታውልቁ። የሚቀረው ክብ ወፍራም ብረት ነው፤ መሃሉ ላይ ክሩ፣ ዙሪያውን ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት።

ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው፣ ተቃራኒ የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ውስጥ የሚገቡ ሁለት ብሎኖች ወይም የጠንካራ ፒንሳ ሁለት ጫፎች አስገብቶ፣ መሃላቸው ዘንግ አግብቶ ማዞር። ሁለተኛው የብረት መሮና መዶሻ ነው። መሮውን ከክቡ ብረት ጠርዝ ላይ አጋድማችሁ፣ ወደሚፈታበት አቅጣጫ እንዲገፋ አድርጋችሁ በትንሽ በትንሹ ምቱ። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሦስቴ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። መሮው ወደ ሞተሩ ፊት ከዞረ ጎሚኒው የሚያርፍበትን ልስልስ ብረት ይፍቀዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚገጠም ፊልትሮ ሁሉ ሊያፈስ ነው። ስለዚህ ከፍጥነት ይልቅ የመሮው አቅጣጫ ይበልጣል።

11. ከወጣ በኋላ

አሮጌውን ገልብጡና ጎሚኒው አብሮ መውጣቱን እዩ። ካልወጣ ሞተሩ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። ይህ የገገመ ፊልትሮ የተለመደ ተንኮል ነው። በሁለት ጎሚኒ ላይ የተገጠመ ፊልትሮ በደቂቃዎች ውስጥ ዘይቱን ሁሉ ሊረጨው፣ ሞተሩንም ነክሶ እንዳይዞር ሊያደርገው ይችላል። ዓይን ብቻ አትመኑ፤ በጣት ዙሪያውን ዳብሱ። የሞተሩን ፊት ቃጫ በማይለቅ ጨርቅ አጽዱ፤ የብረት ብናኝ ካለ አንድም እንዳይቀር።

ከዚያ ባለ ክሩን ቱቦ ተመልከቱ። አንዳንዴ ከፊልትሮው ጋር ተፈትቶ ይወጣል። ክሩ ደህና ከሆነ አጽድታችሁ ወደ ሞተሩ መልሱት፣ አጥብቁትም። ከተጎዳ በዚያው ለመግጠም አትሞክሩ፤ አዲስ ይፈለግለት ወይም ቶርኖ ቤት ይታይ።

የአዲሱን ጎሚኒ በጣት ንጹሕ ዘይት ቀቡት። የፊልትሮው አፍ ወደ ላይ ሆኖ የሚገጠም ከሆነ ግማሽ ድረስ ዘይት ሙሉት፤ ሞተሩ ሲነሣ ደረቅ አይሆንም። በእጅ አዙራችሁ ጎሚኒው ሞተሩን ሲነካ አቁሙ፤ ከዚያ ሦስት አራተኛ ዙር ጨምሩ። ጣሳው ላይ ሌላ መጠን ከተጻፈ የጣሳውን ተከተሉ። በእጅ፣ መፍቻ የለም። ባለሙያ ሲገጥምላችሁም አጠገቡ ቁሙና ይህንኑ ንገሩት፤ ቢቀየማችሁም ይቀየም።

የማፍሰሻውን ብሎን ከነሮንዴላው መልሱ። የብዙዎቹ ቶዮታዎች በ14 ቁልፍ ነው የሚፈታው፤ የላዳው 12 ብሩጎላ ይፈልጋል። ዘይቱን ሙሉ። የድሮዋ ላዳ ከነፊልትሮው 3.75 ሊትር ትወስዳለች። ለሌላው የመኪናውን መጽሐፍ እዩ፤ ከሌለ ቀስ እያላችሁ በመለኪያው ዘንግ እየለካችሁ ጨምሩ።

አስነሡት። ቀዩ የዘይት መብራት በጥቂት ሴኮንዶች መጥፋት አለበት፤ አሥር ሴኮንድ ከቆየ አጥፉና ምክንያቱን ፈልጉ። መብራቱ ከጠፋ ሞተሩ እየሠራ አንድ ሁለት ደቂቃ የፊልትሮውን ዙሪያ በባትሪ ብርሃን እዩ። ከዚያ አጥፍታችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁና ለኩ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ ወደ ላይኛው ጠጋ ያለ ይሁን። ማታ ከሥሩ ካርቶን አንጥፉበት። ጠዋት ካርቶኑ ላይ የሚታየው ጠብታ ከየት እንደመጣ ቦታው ይነግራችኋል።

የተቃጠለውን ዘይት ወደ ቦይ አትድፉ። አሮጌውን ፊልትሮ አፉን ደፍታችሁ አንድ ቀን ይንጠፍጠፍ፤ የወጣውን ከሌላው ጋር በተዘጋ ጀሪካን ያዙና ለሚቀበል ጋራዥ ስጡ። የአጥር እንጨት ምስጥ እንዳይበላው መቀባት የቆየ ልማድ ነው፤ የጓሮ አትክልትና ጉድጓድ ውኃ አጠገብ ግን አይሆንም። አሜሪካ ያላችሁ፣ ትልልቆቹ የመኪና ዕቃ መደብሮች ብዙዎቹ የተቃጠለ ዘይት በነፃ ይቀበላሉ፤ አንዳንዶቹ የፊልትሮ መፍቻም በመያዣ ያውሳሉ፣ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።